ፀሐዩ በጀርባዋ ነበር

አባቴ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይደውል ነበር። የሚኖረው ቡታጅራ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን የሚከፋፍለው በሬዲዮ ነው፤ የቀትሩ ዜና ሲያልቅ ስልኩን ያነሳል። ከእኔ ጋር ብዙ አያወራም። «ደህና ናችሁ? በላሽ? እሺ፣ ስልኩን ለልጅቷ አስጠጊላት» ይላል። ልጄ ያኔ አራት ወር ተኩሏ ነው። እሱ ግን እንደ ትልቅ ሰው ያወራታል፤ ዝናብ እንደዘነበ፣ የጎረቤት ላም ጠፍታ እንደተገኘች፣ እናቷ በልጅነቷ ጎመን አልበላም እያለች ታስቸግር እንደነበር። እሷም ዝም ብላ ታዳምጠዋለች። አንዳንዴ ስልኩን ትልሰዋለች።

አንድ ሰኞ ቀን አልደወለም።

ሰባት ሰዓት ላይ እኔ ደወልኩ፤ አይነሳም። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደገምኩ፤ ዝግ ነው። አብሮት ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ስደውል ወዲያው አነሳ።

«የአባዬ ስልክ ምን ሆነ?»

«እ... ውኃ ውስጥ ወደቀበት። ባልዲ ውስጥ። ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ከደረት ኪሱ ወጥቶ ወደቀ። ሩዝ ውስጥ ከተነዋል። ለሠሪም ሰጥተነዋል።»

«ሩዝ ውስጥ ነው ወይስ ሠሪ ጋ ነው?»

«መጀመሪያ ሩዝ ውስጥ ነበር፣ ከዚያ ሠሪ ጋ ሄደ።»

«እሺ፣ ባንተ ስልክ አገናኘኝ።»

«ተኝቷል። ጉንፋን ነገር ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። ማውራት አይችልም።»

አሥራ ስምንት ዓመት በዘጋቢነት ሠርቻለሁ። በዚህ ሥራ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ፣ እውነት የሚናገር ሰው አንድ ምክንያት ሰጥቶ ዝም እንደሚል ነው። የሚደብቅ ሰው ግን አንዱ አልበቃ ይለውና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይጨምራል። ወንድሜ አንዱን ስልክ ባልዲ ውስጥ፣ ሩዝ ውስጥና ሠሪ ጋ ካስቀመጠው በኋላ ጉንፋን ደረበበት።

ስልኩን ዘጋሁ። ልጄ ስትነቃ ሰማሁና አንስቼ ማጥባት ጀመርኩ። እያጠባሁም አሰብኩ።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። የቅርብ ሰው ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቤቱ ተሰናድቶ፣ ማለዳ ገና ጎህ ሲቀድ በቡድን ሆነው መጥተው ነው የሚያረዱት። እስከዚያው ሐዘንተኛው እንዳይሰማ ይጠበቃል። የምታጠባ እናት ስትሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይበዛል። ድንገት ብትሰማ ወተቷ ይነጥፋል ይባላል። ይህን ሥርዓት ከውጭ የማውቀው አይደለም፤ ራሴ ሠርቼበታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ባልደረባዬ እናት ሲሞቱ፣ እሱን በሌለ ዘገባ ሰበብ ቀኑን ሙሉ ከሰሚት እስከ ገርጂ በመኪና ሳዞረው የዋልኩት እኔ ነበርኩ። ሠፈሩ ድንኳን እስኪተክል ድረስ ጊዜ መግዛት ነበረብኝ። ማታ ላይ «ምን ዓይነት ዘገባ ነው ሰው የማናነጋግርበት?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ፊቱን ላለማየት መንገዱን እያየሁ «ምስል ነው የምንፈልገው» አልኩት። ስለዚህ ሰው እንዴት እንደሚታለል አውቃለሁ። ያን ሰኞ የሚታለለው ሰው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

አንድ ምንጭ ግን በቂ አይደለም። መቁጠር ጀመርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ሥራ አልሄደም። የግንባታ መሐንዲስ ነው፤ የሚያስረክበው ሕንፃ ስላለ ለሳምንታት እሑድ እንኳ ቤት ውሎ አያውቅም። ልጃችን የተወለደች ቀን ራሱ የሲሚንቶ ስልክ ሲያወራ ነበር።

«ዓመት ፈቃድ ወሰድኩ» አለ።

«ለምን?»

«ለምን ማለት ምንድን ነው? ከልጄ ጋር ልዋል።»

«ሕንፃውን ተረከቡት?»

«ሕንፃው ይደርሳል።»

ያን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአባቴ እህት፣ ሳሊተ ምሕረት የሚኖሩት አክስቴ፣ የልብስ ቦርሳ ይዘው ጎሮ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ድረስ መጡ። እኔ ቤት አድረው አያውቁም፤ አራተኛ ፎቅ መውጣት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃውን ጨርሰው ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቷል። ልጄን አቅፈው ረጅም ጊዜ ሳሟት። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

«እትዬ፣ ምነው በደህና?»

«ልጅሽ ናፍቃኝ ነዋ። ደግሞ ከስተሻል። ማን ያበላሻል እዚህ? ይሄ ባልሽ ድንጋይ እንጂ ሰው አያውቅም።»

የአጃ አጥሚት አፍልተው አመጡልኝ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ቀዱልኝ።

«እትዬ፣ አባዬ ደህና ነው?»

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው? እግዜር አለ። ጠጪ ይልቅ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ይህን በልቤ ጻፍኩት። ጥያቄዬ «አዎ» ወይም «አይ» የሚል መልስ ነበረው፤ የተሰጠኝ ግን አንድ ጥያቄ፣ አንድ እግዜርና አንድ ትእዛዝ ነው። ነጠላቸውን አየሁ። የሐዘን ጊዜ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይለብሳሉ፤ የእሳቸው አልተዘቀዘቀም። ይህ ከያዝኩት ሐሳብ ጋር አይሄድም። ግን እኔ ፊት ዘቅዝቀው ሊለብሱ አይችሉም አልኩና አለፍኩት። የማይስማማኝን መረጃ ያለፍኩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ረቡዕ ጠዋት አክስቴ «ቤተ ክርስቲያን ስሜ ልምጣ» ብለው ወጡ። ማታ የሠሩት የበግ ሾርባ በድስቱ እኩሌታ ደርሷል። እኔ አንድ ሳህን ነው የጠጣሁት። ቤተ ክርስቲያን ሾርባ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። አንድ ቤት፣ ምናልባትም ሳሊተ ምሕረት እሳቸው ጋ፣ ከቡታጅራ የመጣ ዘመድ ተሰብስቧል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ አጃው አለቀ ተባለና ሾላ ገበያ ሄድን። ባለቤቴ ልጃችንን ደረቱ ላይ በማዘያ አስሯት ከኋላዬ ይከተላል። እህል የምትሸጠው ደንበኛዬ አየችውና አጃውን መስፈር ትታ ሳቀች።

«አንተ ነህ እንዴ የምታጠባት፣ እንዲህ የታቀፍካት?»

«እሱ ብቻ ነው የቀረኝ» አላት።

«ወንዶቹ ተለወጡ በሉኛ። የእኔው ጌታ አምስት ወልዶ አንዱንም ሳያዝል ነው ጸጉሩ የሸበተው። እናቷ፣ ፊቷን ሸፈን አድርጊያት፣ ሰው ዓይኑ ክፉ ነው።»

የልጄን ኮፍያ ላስተካክል ዞር ስል ወንድሜን አየሁት። ከእኛ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ የፕላስቲክ ዕቃ መደብር በር ላይ ቆሟል። በእጁ ሮዝ ሳፋ ይዟል፤ ሳፋው ውስጥ ፔርሙዝና ነጠላ ጫማ አለ። ያየኝ መሰለኝ፤ ወዲያው ከተቆለሉት የሽንኩርት ጆንያዎች ኋላ ገባ።

«ወንድሜን አየሁት» አልኩት ባለቤቴን።

«ቡታጅራ አይደል ያለው? ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አለኝ። ይህን ሲል ወደ ጠቆምኩት ቦታ አልዞረም። ሚስቱ ወንድሜን አየሁት ስትለው ዞር ብሎ የማያይ ሰው፣ ምን እንደሚያይ ያወቀ ሰው ነው።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ወንድሜ ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«የት ነህ?»

«ቤት። ቡታጅራ። ጓሮ ነኝ።»

አጠገቤ አንድ ልብስ ሻጭ በድምፅ ማጉያ «ቅናሽ ነው፣ ቅናሽ፣ ቅናሽ ነው» ይላል። በቀኝ ጆሮዬ ከገበያው ሰማሁት፤ በግራ ጆሮዬ ከወንድሜ ስልክ ሰማሁት። ቡታጅራ ያለው ጓሯችን ውስጥ ቅናሽ የለም።

«እሺ» አልኩት፣ «አባዬን ሳምልኝ።»

«እሺ፣ እስመዋለሁ» አለኝ።

ሳፋ፣ ፔርሙዝ፣ ነጠላ ጫማ። ለቅሶ ቤት የሚገዛ ዕቃ ነው አልኩ። እንግዳ እጁን የሚታጠብበት፣ የሚቀዳለት፣ ደጅ ለመውጣት የሚጫማው። ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል አልጠየቅኩም። አንድ ዜና አርታኢ ሆኜ የሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ባገኘው፣ ከጎኑ በቀይ «እርግጠኛ ነህ?» ብዬ የምጽፍበት ነገር ነበር።

ባለቤቴን ያን ዕለት መኪና ውስጥ ልጠይቀው እችል ነበር። ያልጠየቅኩበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዱ ፍርሃት ነው። ሌላው ግን ሥርዓቱ ነው። መርዶ የሚነገረው ሰውም ድርሻ አለው፤ ድርሻው አለማወቅ ነው። ብጠይቅ ባለቤቴ ብቻውን፣ በሾላና በመገናኛ መካከል፣ ትራፊክ መብራት ላይ ሊያረዳኝ ነው። ሰው አጠገቤ ሳይኖር፣ አክስቴ ሳይይዙኝ። ይህን አልፈለግኩም። ሊነግሩኝ ሲዘጋጁ ይነግሩኛል፤ እኔም ያላወቀች መስዬ እጠብቃለሁ አልኩ። ሰው ሲዋሸኝ እያወቅኩ ዝም ማለት ደግሞ ሥራዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ «ዛሬ ቦሌ ሄደን እንናፈስ» አለ። የልጁ ልብስ የት እንደሚቀመጥ የማያውቀው ሰው፣ ቁም ሣጥን ከፍቶ አባቴ ለክርስትናዋ ከቡታጅራ ያመጣላትን ቢጫ ሹራብ ፈልጎ አገኘ። ሹራቡ ገና ይሰፋታል፤ እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልሎ አለበሳት።

«ለምን እሱን?»

«ደስ ይላል። ከሩቅ ይታያል።»

ከጎሮ ቦሌ ለመሄድ በሲኤምሲ የሚዞር ሰው የለም። እሱ ዞረ። ስጠይቀው የታችኛው መንገድ እየተቆፈረ ነው አለኝ። ሲኤምሲ መንገድ ላይ አንድ ሆስፒታል ፊት ለፊት ደርሶ፣ ሰፊው የእግረኛ መንገድ ዳር መኪናውን አቆመ። ጓደኛው እዚያ ሕንፃ ጥገና እንደያዘና አንድ ሰነድ እንደሚያቀብለው ነገረኝ። «እስከዚያ ውረዱ፣ ፀሐይ ትሙቅ» አለ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐዩ የሕፃን ፀሐይ ነው፤ ይሞቃል፣ አያቃጥልም። ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሆስፒታሉ ከጀርባዬ ነው፤ ባለቤቴ ከፊቴ። እኔ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፀሐዩ ዞሬያለሁ፤ ልጄ በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ ታያለች።

ሰነድ የያዘ ሰው አልመጣም። ባለቤቴም የሚመጣ ሰው የሚጠብቅ አይመስልም፤ በሩን አያይም። ዓይኑ ከጭንቅላቴ በላይ ነው። ስልኩ ጠራ፤ አንስቶ «አዎ። እዚህ ነን። ይታያል?» አለና ዘጋ። ሠፈር ያሉት ሰዎች ናቸው አልኩ። ድንኳኑ ደረሰ ወይ እየተባባሉ ነው።

«ትንሽ ዙሪ እስቲ» አለኝ።

«ለምን?»

«ወደዚያ ዙሪ። ፀሐዩ ዓይኗን እየወጋት ነው።»

ይህ ውሸት ነው። ፀሐዩ በጀርባዋ ነበር። ያረፈው የእኔ ዓይን ላይ ነው። እንዲያውም እሱ እንዳለኝ ብዞር ነው ፀሐዩ የልጄን ዓይን የሚያገኘው። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰው ሲዋሸኝ ዝም ብያለሁ፤ ይህች ግን በዓይን የምትታይ፣ በአንድ እርምጃ የምትረጋገጥ ትንሽ ውሸት ነበረች። ከእኔ ጀርባ የሆነ ነገር እንዳላይ ሳይሆን፣ ከፊቴ ያለውን እንዳላይ የሚያዞረኝ መሰለኝ። መንገዱን አየሁ። የማውቀው መኪና፣ የማውቀው ሰው ፈለግኩ።

«ፀሐዩ በጀርባዋ ነው» አልኩት።

«እባክሽ ዙሪ።»

«አልዞርም።»

አልደገመውም። ለጥቂት ደቂቃ ቆምን። ልጄ ከትከሻዬ በላይ የሆነ ነገር እያየች በእግሯ ሆዴን ትመታ ነበር፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ታደርጋለች። ከዚያ ባለቤቴ የመኪናውን በር ከፈተልን።

ቦሌ ደርሰን አንድ ካፌ በረንዳ ላይ የአቮካዶ ጁስ አዘዝን። የእሱ እንደቀረበ ቀረ። ዓይኑን ሲጠርግ «አቧራ ነው» አለኝ። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ያሉ ወጣቶች ልጄን ሲያጫውቷት፣ ሁለታችንም ፈገግ አልን። ነገ ማለዳ ይመጣሉ ብዬ አሰብኩ።

ማታ ጥቁር ቀሚሴን ተኮስኩ። ወተቴን አልቤ በጡጦ በጡጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደርኩ፤ ቢነጥፍ እንኳ ልጄ ለሁለት ቀን እንዳትቸገር። ባለቤቴ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ጡጦዎቹን አየና መልሶ ዘጋው። ሁለታችንም ተግባባን ብዬ አሰብኩ። እሱ ማወቄን አወቀ፤ እኔም ማወቁን አወቅኩ። የቀረው ሥርዓቱ ብቻ ነው።

ዓርብ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ለብሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። ቅዳሜም እንደዚያው። ከመስኮት ሳይ የዕድሩ ዕቃ ቤት በር ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ነው፤ የድንኳን እንጨት ያወጣ የለም። ይህም ከሐሳቤ ጋር አይሄድም። ቀብሩ ቡታጅራ ስለሆነ ነው አልኩና ይህንንም አለፍኩት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል፣ ባለቤቴ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ልጃችን መካከላችን ተኝታለች።

«የምትጠይቂኝ ነገር አለ?» አለኝ።

አየሁት። ጢሙን ሳይላጭ ሰንብቷል።

«የለም» አልኩት። «የምትነግረኝ አለ?»

«ካልጠየቅሽኝ የለም።»

እዚያ ላይ አበቃ። አክስቴ ከማድ ቤት ሾርባ በፔርሙዝ ይዘው ወጡ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደሚስሙ ነገሩን።

እሑድ ማለዳ የደረጃ ኮቴ ሰማሁ። ብዙ እግር ነው፤ ቀስ ይላል። ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩላቸው። አክስቴ ነበሩ፤ ትናንት ቀትር ሾርባውን ይዘው እንደወጡ አልተመለሱም ነበር። ነጠላቸው አሁን ተዘቅዝቋል። ወንድሜ ከኋላቸው ነው፣ ከእሱ ኋላ የዕድሩ ሰብሳቢና ሁለት ጎረቤቶች። ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ሲያዩኝ ቆሙ። አክስቴ ሊይዙኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«አውቄያለሁ እትዬ» አልኳቸው። «ሰኞ ነው፣ አይደል?»

«ምኑ?» አለ ወንድሜ።

«አባዬ የሞተው።»

ወንድሜ አክስቴን አየ፤ አክስቴ ባለቤቴን አዩ።

«ሰኞማ እዚህ አመጣነው» አለ ወንድሜ። «ሳንባው ነው። የሞተው ዛሬ ነው። ሌሊቱን።»

«እዚህ የት?»

«ሲኤምሲ ያለው ሆስፒታል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም ብል ውሸት ይሆናል። በር ሥር፣ ጫማዎቹ መካከል ተቀመጥኩ። አክስቴ ጀርባዬን ያዙኝ። እየጮኹ የሚያለቅሱት ጎረቤቶቹ ናቸው። እኔ የማስበው ከጎሮ ሲኤምሲ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ነበር። ጠዋት መንገዱ ክፍት ሲሆን፣ ሃያ።

በዚያው ቀን ቡታጅራ ወስደን ቀበርነው። ልጄ መንገድ ላይ ሁለቴ ጠባች። ወተቴ አልነጠፈም። በዚያ ሳምንትም፣ ከዚያ በኋላም አልነጠፈም። ይህን የምጽፈው ሌላ ማንም ስለማይጽፈው ነው።

የለቅሶው ሰው ሲሳሳ ባለቤቴንና ወንድሜን ለየብቻ ጠየቅኳቸው፤ ምስክር ሲጠየቅ እንደዚያ ነው። ነገራቸው ገጠመ። አባቴ ኦክስጅን ላይ ነበር፤ ማውራት ያልቻለው ለዚያ ነው። ስልኩ ባልዲ ውስጥ አልወደቀም፤ ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሳፋው የእሱ ነው፣ ነጠላ ጫማው የእሱ ነው፣ ሾርባውን በማንኪያ የሚያጎርሱት አክስቴ ነበሩ። ሰኞ ገና ሆስፒታል እንደገባ ጭምብሉን አውርዶ ሁሉንም ቃል አስገብቷቸዋል።

«‹አትንገሯት› አሉን» አለኝ ባለቤቴ። «‹ከሰማች ልጇን አንጠልጥላ ትመጣለች፤ ይሄ ቦታ ለሕፃን አይሆንም። ሲሻለኝ እኔው እደውልላታለሁ› አሉ። የሚሻላቸው መስሎን ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ‹በሩቁ አሳዩኝ፣ ልጅቷንም እናቷንም› ብለው ለመኑኝ።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ቃሌን ላፈርስ መጣሁ። አንድ ጥያቄ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ጡጦዎቹን ሳይ መታመማቸውን ያወቅሽ መስሎኝ ነበር። አውቀሽ መሄድ ያልፈለግሽ።»

ተቆጣሁት። ከዚያ የምቆጣው እሱን እንዳልሆነ ገባኝና ተውኩት። የሰበሰብኩት መረጃ ሁሉ ትክክል ነበር። የሳፋው ቀለም እንኳ ትክክል ነው። እያንዳንዱ ነገር ግን ለሞተ ሰውም ለታመመ ሰውም ይሆን ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥርዓቱን በጣም ከማወቄ የተነሳ አንዱን ብቻ አየሁ። በሕይወት ላለ ሰው ስድስት ቀን ሐዘን ተቀመጥኩለት።

ሐሙስ ዕለት አልጋው አጠገብ የነበረው ወንድሜ ነው። ነርሷ አልጋውን ወደ መስኮቱ ገፍታለታለች፤ ወንድሜ ትራስ ደርቦ ቀና አድርጎታል።

«ሹራቡን ወዲያው አወቀው» አለኝ ወንድሜ። «‹እጅጌው ረዘማት› አለ። ከዚያ አንቺ እስክትዞሪ ጠበቅን። አልዞር ስትይ ሳቀ። ‹አትዞርም› አለ፣ ‹ነቅታባችኋለች። ውሸት ሸትቷት የታዘዘችበት ቀን የለም።› ጭምብሉ በእንፋሎት ተሸፈነ፣ ጠረግኩለት።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ።»

«ሌላስ?»

«‹ልጅቷ ግን አየችኝ› አለ። እጁን አወዛወዘላት።»

ይህን የነገረኝ አንድን ስልክ ሦስት ቦታ ያስቀመጠው ወንድሜ ነው። ሊያጽናናኝ ፈጥሮት ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ሄጄ ነርሷን አገኘኋት። አልጋውን መግፋቷን ታስታውሳለች፤ ቢጫ የለበሰች ሕፃን ማየቷንም ታስታውሳለች። ሳቁን አታስታውስም። «ወጥቼ ነበር መሰለኝ» አለች። ስለዚህ አንድ ምንጭ ብቻ ነው ያለኝ። ሥራ ላይ ብሆን አላትመውም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ወደዚያው ቦታ ሄድን። ባለቤቴ መኪናውን እዚያው የእግረኛ መንገድ ዳር አቆመ። ልጄ ቢጫውን ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌው አሁን አንድ ጥቅል ብቻ ይበቃዋል። ትከሻዬ ላይ አድርጌያት እንደ ያኔው ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ።

«ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«ሦስተኛ» አለኝ ባለቤቴ። «ከግራ አራተኛው መስኮት።»

ማረጋገጥ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ብዞር ኖሮ ይታየኝ ነበር ወይስ መስታወቱ ሰማይ ብቻ ያሳየኝ ነበር? ሰማይ ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዞርኩ።

አራተኛው መስኮት ላይ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ተቀምጠዋል። ሻሻቸው ነጭ ነው። በእጃቸው ብርቱካን ይዘው ይልጣሉ፤ ልጣጩ ሲንጠለጠል ይታየኛል። ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን አነሱልኝ። እኔም አነሳሁላቸው።

ልጄ ትከሻዬ ላይ መነጫነጭ ጀመረች። ፀሐዩ ዓይኗን ወግቷት ነበር። በእጄ ከለልኩላት።